ሰላም የለኝም

ተስፋነሽ ስትጸልይ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። የሰበታ ኪራይ ቤቷ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ እሷ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አታውቅም።

የዚያ ሳምንት ጸሎቷ ስለ ሩታና ስለ ሕዝቅያስ ነበር። ሦስቱም ከወላይታ መጥተው አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራሉ። ሁለቱ ሊተጫጩ ነው። በነሱ ቤተ ክርስቲያን እጮኝነት ከመታወጁ በፊት የጸሎት ቡድኑ ጾሞ ይጸልያል፤ ከቡድኑ አንድ ሰው "ሰላም የለኝም" ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ተስፋነሽ የቡድኑ አባል ናት፤ ሰላምም አልነበራትም። በተንበረከከች ቁጥር "ይህ ጋብቻ ከእኔ አይደለም" የሚል ድምፅ ይመጣባታል።

ረቡዕ ዕለት ሩታን ፋብሪካው በር ላይ አገኘቻት። "ብዙ ተስፋ አታድርጊ፤ የሆነ ነገር እየታየኝ ነው" አለቻት። ሩታ ምሳዋን ሳትበላ ዋለች። ተስፋነሽ አዘነችላት፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽ ቀለል ብሏት ነበር።

እሑድ ከሰዓት መልሷን ልትሰጥ ስትወጣ አከራይዋ ኦቦ ባይሳ ግቢው በር ላይ ቆመዋል።

"አካም ጂርታ፣ ልጄ! እንኳን ደስ ያለሽ!"

"በምኑ፣ ኦቦ ባይሳ?"

"በሠርግሽ ነዋ! ሕዝቅያስ ነው አይደል የልጁ ስም? ጠዋት ጠዋት አምላክሽን ስትለምኚ ከሱ ሌላ ስም አልሰማም።"

"የማገባው እኔ አይደለሁም። ጓደኛዬ ሩታ ናት።"

"ሩታ?" አሉ ገርሟቸው። "የሷን ስምስ ሰምቼም አላውቅ።"

መንገዱን ሙሉ በልቧ ስትሰድባቸው ሄደች። ጆሯቸውን ቆርቆሮ ላይ ለጥፈው የሚውሉ ሽማግሌ! ከዋናው አስፋልት ስትደርስ ግን ስድቡ አለቀባትና ፍርሃት ገባት። ያ ድምፅ መጀመሪያ የመጣባት መቼ ነው? ተንበርክካ አልነበረም። ዝናብ የጣለ ቀን፣ ሕዝቅያስ ጃኬቱን አውልቆ የሩታን ራስ ሲሸፍን ቆማ እያየች ነበር። ያኔ "አይሆንም" ያለችው ራሷ ናት። የጌታን ስም የለጠፈችበት ቆይታ ነው።

ይህን ማንም አያውቅም። ያስፈራትም እሱ ነው፤ ዛሬም ያንኑ ብትናገር ሁሉም ያምናታል።

የቡድኑ መሪ ጋሽ ሉቃስ ቤት የደረሰችው ሁሉም ከተሰበሰቡ በኋላ ነው። የቀሩት የቡድኑ አባላት ሰላም አለን ብለዋል። ሕዝቅያስ አንገቱን ደፍቷል። ሩታ እሷን ብቻ ታያለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

"አንቺ ቀረሽ፣ ተስፋነሽ" አሉ ጋሽ ሉቃስ። "ጌታ ምን አለሽ?"

ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። አንዴ ብቻ ብትናገረው ሕዝቅያስ አልቅሶም ቢሆን ይቀበለዋል።

"ምንም አላለኝም።"

"ሰላም የለኝም ብለሽኝ አልነበረም እንዴ?" አሉ ጋሽ ሉቃስ።

"የለኝም። ሰላም የነሳኝ ግን ጌታ አይደለም፣ የገዛ ልቤ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስጸልይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ስጠራ ከረምኩ። የሩታን አይደለም።"

ሩታ ገባት፤ ፊቷ ሲለዋወጥ ተስፋነሽ አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ጋሽ ሉቃስ፣ "በይ ተነሺ፣ አንቺው ጸልዪላቸው" አሉ።

ሁሉም እንደ ልማዳቸው እጅ ለእጅ ተያያዙ። ተስፋነሽ እጇን ዘረጋች፤ ሩታ አልያዘቻትም።

"ጌታ ሆይ፣ ሩታን ባርካት" አለች ተስፋነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጠርታ። "ሩታንና..."

እዚያ ላይ ድምፅዋ እምቢ አላት። ሞከረች፤ አልወጣም። ሁሉም ጠበቃት።

"ሕዝቅያስን" አለች ሩታ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።