ማሙሽ ያስጎበኛት ከተማ

ሰው ትልቅ ከተማ ደርሶ ሲመለስ የሚያወራው ስለ ፎቁና ስለ አደባባዩ ነው። እታለም ግን ከመጣች ጀምሮ አንድም አደባባይ አላየችም። ወንድሟ በጠዋት ካረፈችበት ፔንሲዮን ይመጣና፣ "እታለም፣ ዛሬ ደግሞ ከተሜው ራሱ የማያውቀውን ሰፈር ነው የማሳይሽ" ብሎ ይዟት ይጠፋል።

ቁልፍ ሠሪዎች በየደጃፋቸው ተቀምጠው የሚሞርዱበትን ጠባብ መንገድ አሳያት። ሰዎች በአሮጌ የባቡር ፉርጎ ውስጥ መጋረጃ ሰቅለው የሚኖሩበትን ሰፈር አሳያት። ቆዳ የሚለፋበት መንደር ሲያስገባት ደግሞ አፍንጫዋን ይዛ፣ "አንተ ማሙሽ፣ ይሄን ሰፈር ከተሜው የማያውቀው ሸትቶት ነው እንጂ ጠፍቶት መሰለህ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ማሙሽ የምትለው እንግዲህ ግንባሩ የተመለጠ መሐንዲስ ነው።

እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር። እሷ ናት የሆስፒታል አንሶላ እያጠበች፣ እጇን በረኪና እየበላው አሳድጋ ያስተማረችው። ባል ሲመጣ "መጀመሪያ ልጁ ይድረስልኝ" ስትል ባሉም አለፈ። ልጁ ደረሰላት፤ ከደረሰ በኋላ ግን ድምፁ በስልክ ይመጣል እንጂ እግሩ ከደጇ ጠፋ። ታዲያ መምጣቷ ለፎቅ አልነበረም። የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ቤቱን ማየት። የሚተኛበትን አልጋ፣ የሚበላበትን ጠረጴዛ አይታ፣ "ልጄን ለወግ ለማዕረግ አበቃሁት" ብላ መመለስ።

"ቤትህን መቼ ነው የምታሳየኝ?" ትለዋለች።

"ቀለም እየተቀባ ነው አልኩሽ እኮ። ሽታው ራስሽን ያምሻል።"

"እኔን? ዕድሜ ልኬን በረኪና ስምግ ኖሬ?"

"ደግሞስ የወንደላጤ ቤት ምኑ ይታያል? ትንሽ ታገሺ፣ እታለም።"

ታገሰች። ምን ታድርግ፤ በእሱ ላይ ክፉ ማሰብ አታውቅበትም። እንዲያውም ፔንሲዮኑን ለምታጸዳው ሴት፣ "ሥራውን ጥሎ ነው እኮ የሚያዞረኝ፤ ወንድም ይሉሻል እንዲህ ነው!" እያለች ትጎርርባት ነበር። የዋህ!

ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት ድስት ጠጋኞች ሰፈር ወሰዳት። የመዶሻው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል። ከአንዱ ሱቅ በራፍ ላይ አንዲት በወርቅ ያጌጡ ወይዘሮ ያስጠገኑትን ትልቅ ድስት ታቅፈው እያለከለኩ ወጡ። መቼም የደላው ሰው አሮጌ ዕቃ አይጥልም። እታለም ደግሞ ትልቅ ሰው ተሸክሞ ዝም ብላ ማለፍ አይሆንላትም፤ በሆስፒታሉም የሰው ጭነት ስትቀማ ነው የኖረችው። "እማማ፣ ይስጡኝ፣ ይስጡኝ" ብላ ድስቱን ከእጃቸው ወሰደች። ወይዘሮዋ ሊመርቋት ቀና ሲሉ ከኋላዋ የቆመውን ሰው አዩ።

"ውይ፣ አማቼ! አንተን ደግሞ ምን ጣለህ እዚህ?"

አማቼ? እታለም ክው አለች። ማሙሽ መቼ አገባ? ወይዘሮዋ ግን ነጠላ ጫማዋን፣ የሻከሩ እጆቿን፣ የታቀፈችውን ድስት አዩና፣ "አዲሷ ሠራተኛ ናት? እሰይ፣ ልጄ ሰው አጣሁ ብላ ስትጨነቅ ነበር" አሉት።

ሰው ሆኖ ለተፈጠረ ቀላል ጥያቄ ነው። እታለም መልሱን ጠበቀች። ጋብቻውን መደበቁን እንኳ ለጊዜው ረስታው፣ "ምን ሠራተኛ፣ እህቴ ናት!" ሲልና ወይዘሮዋ በድንጋጤ ይቅርታ ሲጠይቋት፣ "ኧረ ምንም አይደል" ለማለት ከንፈሯን አዘጋጅታ ነበር።

"አዎ" አለ መሐንዲሱ። "ዛሬ ነው ያገኘኋት።"

አፈር ይብላ!

ደሟ ፈላ፤ ድስቱን ግን አላስቀመጠችም። ያጎረሰ እጅ ይነከሳል ሲባል ትሰማ ነበር፤ በራሷ ደረሰ። ወይዘሮዋ ታክሲ ጠርተው ወደ ልጃቸው ቤት ሊወስዷት ከነድስቱ ከሹፌሩ ጎን አስቀመጧት። ያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ፎቅና አደባባይ በመስኮቱ አለፈ፤ ዓይኗ አላየውም። ለካ ያን ሁሉ ጓዳ ጎድጓዳ ያዞራት የሚያውቀው ሰው ዝር የማይልበት ስለሆነ ነው። ለእሷ ደክሞ ሳይሆን ከእሷ ጋር እንዳይታይ ኖሯል!

የማሙሽ ቤት ያማረ ነው። ግድግዳው ቀለም ከነካው ግን ዓመታት አልፈዋል፤ በልጅ እርሳስ ተሞነጫጭሯል። የሞነጫጨረችውም ልጅ "አባዬ!" እያለች ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ቁርጥ እናታቸውን! እታለም ሳታስበው ልታቅፋት ጎንበስ አለች፤ ድስቱ ከለከላት።

ሚስቲቱ ደግ ሴት ናት። ወንበር ሳበችላትና፣ "ተቀመጪ፣ ደክሞሻል። ዘመድ አለሽ?" አለቻት።

"አንድ ወንድም። እኔው ነኝ ያሳደግኩት።"

"አይ!" ሚስቲቱ ከንፈሯን መጠጠች። "እሱንም እኮ ያሳደገችው እህቱ ነበረች። የትልቅ ነጋዴ ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሁሉም አለቁና እሷ ብቻ ቀርታለት ነበር። እሷም ሳንጋባ ሞተችበት። እስከ ዛሬ ስትነሳበት ያለቅሳል።"

እታለም ድስቱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሠራተኛ የተባለችው ዛሬ ነው፤ የተቀበረችው ግን ገና ዱሮ ኖሯል። ዞር ብላ አየችው። ልጅቷን ታቅፎ፣ ከንፈሩ ኩበት መስሎ፣ በዓይኑ "እባክሽ" ይላታል። በልጅነቱ ሲያጠፋ የሚለምናት በዚሁ ዓይን ነበር፤ ያኔ ሁልጊዜ ትሸነፍለት ነበር። አንድ ቃል ብትተነፍስ ይሄ ቤት ይፈርሳል። ልጅቷ ከአባቷ ትከሻ ላይ ሆና ፈገግ አለችላት።

"እህትዎ ምን ሆነው ነው የሞቱት፣ ጌታዬ?" ስትል ጠየቀችው። አንቱ አለችው፤ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ።

"ትኩሳት" አለ፣ ወለሉን እያየ።

"እግዜር ያጥናዎት" አለችውና ወጣች።