የተገለበጠ ጥለት

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ፊልም ላይ ተውኜ ነበር። አንድ ብቻ። የፍቅር ፊልም ነው፤ መሐሉ ላይ ሦስት ደቂቃ የሚሆን የመኝታ ትዕይንት አለው፤ እዚያ ውስጥ ያለችው ሴት እኔ ነኝ፣ ምሥራቅ። እርቃን ጀርባዬ ይታያል። አንድ ወንድ ትከሻዬን ይስማል፤ እኔም እስመዋለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ሲኒማ ቤት ሁለት ሳምንት ታይቶ ወረደ፤ ሰውም ረሳው። እኔም ሽሮ ሜዳ ነጠላና ጋቢ እየሸጥኩ ልጅ አሳደግኩ፣ ፀጉሬም ሸበተ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ ሥራ ፈት ፊልሙን ዩቲዩብ ላይ ጫነው። በሳምንቱ ቀጨኔ ውስጥ ያላየው አልነበረም። እኔም ቁጭ ብዬ አስተያየቱን አነበብኩት። አንዱ «ባህላችንን ያረከሰች» ይላል። ከሥሩ ሌላው «ወንድሜ፣ እስከ መጨረሻው አይተህ ነው የፈረድከው?» ይለዋል። አንዷ «እናትና አባቴ አብረው ገብተው ያዩት ፊልም ነው፤ ዛሬ አባቴ የለም፤ አለቀስኩ» ብላለች። ብርሃኑ ያምራል፣ ድምፁ ያስጠላል ያለም አለ። አንድ ሰው ደግሞ ምንም ሳይል ደቂቃዋን ብቻ ጽፎ ሄዷል፦ 52፡10። ሁለት ሺህ ሰው ወዶለታል። ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው። አረከሰች ያለኝ እንኳ ስለ እኔ አንድ ነገር አስቧል።

አባቴ ወልደ ሥላሴ ሸማኔ ነበር። ፊልሙ ያኔ ሲወጣ ሳይነግረኝ ብቻውን ሲኒማ ቤት ገባ። ተመልሶ መጣና መሸመኛው ላይ ተቀምጦ መወርወሩን ቀጠለ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ዱላ እጠብቃለሁ። ቀና ሳይል፣ «ነጠላውን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው» አለኝ። «ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገትሽ ላይ። እንደ ሐዘንተኛ! የሸማኔ ልጅ ሆነሽ!»

እውነቱን ነው። ከአልጋው ተነስቼ ነጠላ የምደርብበት ቦታ ላይ ተጣድፌ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እንደዚያ የሚለበሰው ደግሞ ለቅሶ ላይ ነው። አባቴ ስለ ቀረው ነገር ምንም አላለም። እስኪሞትም አላለም።

የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበራችን አባላት አሥራ ሁለት ነን። ወር በገባ በሃያ ሰባት ተራ የደረሰው ይደግሳል፤ ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን ለቀጣዩ ያስረክባል፤ ተረካቢው በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል። እኔ የገባሁት እናቴ ስትሞት ቦታዋን ተክቼ ነው። የኅዳር ደጋሽ እማማ ወለተማርያም ነበሩ፤ ከሳቸው የምረከበው እኔ። በፊልሙ ምክንያት ተራዬ ከተዘለለ ቤቴ ጽዋ የማይገባበት ቤት ሆነ ማለት ነው። እናቴ ያስገባችውን ጽዋ እኔ ላስወጣው ነው ማለት ነው። የድግሱ ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ያሳሰበኝ ይኸው ነው።

በማግስቱ እማማ ቤት ቄሱ ጸሎት አድርሰው፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ለፍትሐት ስለተጠሩ ቀድመው ወጡ። እሳቸው እንደወጡ ጋሽ ዓምሃ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ስለሆኑ እኛንም እንደ ክፍል ተማሪ ነው የሚመሩን።

«በቃ፣ የምናውቀውን ነገር አናድበስብሰው» አሉ። «የታኅሣሥ ተራ ለሌላ ሰው ይለፍ። ፊልሙን እኔ እንኳ አላየሁትም። ግን ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ያለው ነገር…»

«ካላዩት ደቂቃውን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

አንዳንዱ በነጠላው አፉን ሸፈነ። ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ትሕትና ከሁላችንም ታንሳለች፤ ከሷ ሳቁ አመለጣት። «እኔስ አይቼዋለሁ» አለች። «እውነቱን ልናገር? ሰለቸኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ይተያያሉ። እ… ማለቴ፣ ምኑ ነው ይሄን ያህል የሚያስጮኸው? ስልካችን ላይ ስንት ጉድ እያየን!»

«እኔን አልሰለቸኝም» አለች ጎረቤቴ አዲሳለም። «ደስ አለኝ። ልጄ አጠገቤ ስለነበረ ደግሞ አፈርኩ። ሁለቱም እውነት ነው።»

«ማፈርሽ ትክክል ነው» አሉ ጋሽ ዓምሃ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉልኝ እሳቸው ናቸው። «ስሚኝ ምሥራቅ፣ መውጫ አለው። ልጅ ነበርሽ። አታለውኝ ነው በይ፤ ተሳስቼ ነበር በይ። ይኼው ነው። ጽዋውን ይዘሽ ትሄጃለሽ።»

ሁሉም አፍ አፌን ያዩ ጀመር። አልዋሽም፣ አማረኝ። አንድ ቃል ተናግሬ ቤቴ መግባት ነው። ግን አብሮኝ የተወነው ልጅ ትዝ አለኝ፤ ካሜራው መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት «ካልተመቸሽ እንተወው» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። አታለለኝ ብል እሱን ሌባ፣ ያቺን የሃያ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ ጅል አደርጋቸዋለሁ።

«ማንም አላታለለኝም» አልኩ። ድምፄ ጮኸ፤ ይጩህ። «አንብቤ፣ ፈርሜ፣ ደስ ብሎኝ ነው የሠራሁት። ገላውም የኔ ነው። ስሕተትሽን ተናገሪ ካላችሁኝ አንድ አለኝ፤ ነጠላዬን ገልብጬ ለብሻለሁ። እንደዚያ ደስ ባለኝ ቀን ሐዘንተኛ መስያለሁ፤ እሱ ይቆጨኛል። ሌላ የምጸጸትበት ነገር የለኝም። አንሰጥሽም ካላችሁ ፊት ለፊቴ ለሌላ ስጡት። ቁጭ ብዬ አያለሁ።»

ጋሽ ዓምሃ «እንግዲህ ሰምታችኋል» ብለው ጽዋውን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተው ዓምሃ» አሉ እማማ ወለተማርያም። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ጽዋ የሚያስረክበው ደጋሹ ነው። የዛሬ ደጋሽ እኔ ነኝ።»

«እማማ፣ እርስዎ ፊልሙን ቢያዩት ኖሮ…»

«ሦስቴ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያ ቀን አማተብኩ። ሁለተኛ ቀን ልጁ እንዴት እንደሚያያት አየሁ። ሦስተኛ ቀን አለቀስኩ። ባሌን ነፍሱን ይማረውና፣ ሰባት ልጅ ወልጄለት አንድ ቀን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። መልኬን ለይቶ ያውቀው እንደነበር እንጃ። እንደዚያ መታየት ኃጢአት ከሆነ፣ እኔ ያለሱ አርጅቻለሁ። ምን አተረፍኩ?»

ትሕትና አቀርቅራ ዳቦዋን ትቆራርሳለች። እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱና ጽዋውን አንስተው ወደ እኔ መጡ። እኔም ነጠላዬን ተጣድፌ ደርቤ ቆምኩ። አጠገቤ ሲደርሱ አንገቴን አዩና ጽዋውን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሐሳባቸውን የቀየሩ መሰለኝ።

ነጠላዬን ከላዬ ላይ ገፈው ገለበጡት። ጥለቱን አንገቴ ላይ አድርጌው ኖሯል፤ አሁንም! ሃያ ዓመት ሙሉ ነጠላ ሸጬ!

«ወደ ታች» አሉኝ፣ በሁለት እጃቸው እያስተካከሉልኝ። «ምን ሐዘን አለብሽና?»

ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ቀድሜ ግን ጽዋውን ተቀብዬ ነበር። እልልታውን ያስጀመረችው አዲሳለም ናት። ጋሽ ዓምሃ ከመቀመጫቸው አልተነሱም፤ ከሳቸው ጋር የቀሩም አሉ። ቁልቁለቱን ወርጄ ቤቴ በር ላይ ስደርስ ዞር ብዬ የተከተሉኝን ቆጠርኩ። ስድስት ናቸው። ለታኅሣሥ ጠላውን የምጠምቀው ለአሥራ ሁለታችንም ነው።