ነጩን ጨርቅ የያዘው ሰው

አንበጣው ከሂርና ከተማ በታች ያለውን ማሽላ ከወረረ ወዲህ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ሰነበተ። በመጨረሻ መርዝ የምትረጨው ትንሿ አውሮፕላን መጣች። ነጭ ጨርቅ በእንጨት ላይ አስሮ የሚመራት ዓሊዩ ነበር። አብራሪው አስቀድሞ ነግሮታል፤ «የቀረኝ መርዝ ለአንድ ዙር ብቻ ነው። ነፋሱ ወዲያ ወዲህ ቢያላጋኝም አፍንጫዋን ወደ ጨርቅህ አዞራለሁ። እንዳትሳሳት!»

አውሮፕላኗ ዝቅ ብላ ስትመጣ ዓሊዩ ማሽላው መሃል እናቱን ጣሂራን ተመለከተ። ቆርቆሮ እየደበደበች አንበጣ ታባርራለች። ውጡ ሲባል አልሰማችም፤ ጆሮዋ ከደነቆረ ቆይቷል። «አዮ! አዮ!» እያለ እናቱን ጮኾ ጠራ። ማን ሊሰማው?

ጨርቁን ከፍ አድርጎ ከማሽላው ማዶ ወዳለው ገደል አፋፍ ሮጠ። እሾህ እግሩን ዘነጠለው። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አወዛወዘች፤ ከዚያ እናቷን እንዳየች ጥጃ ጨርቁን ተከተለች። መርዙ እንደ ጉም ባዶው ገደል ውስጥ ወረደ። እሷም ጅራቷን አዙራ ወደ ድሬዳዋ ሄደች።

አንበጣው ንቅንቅ አላለም። ማሽላውን ሲቆረጥም ድምፁ እንደ እሳት ይንጣጣል። ጎረቤቱ እየተራገመ ወደ ዓሊዩ ጎረፈ። ከሁሉ የቀደመችው እናቱ ናት። ቆርቆሮዋን እግሩ ሥር ወረወረችና፣ «ምነው ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አለችው።

ዓሊዩ ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዋን አነሳላት። እሷ እንደሁ አትሰማ።