ቀለም የቆጠረ ቀለም

በወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የቆመው የማስታወቂያ ሰሌዳ ቀይ ቀለም ማክሰኞ ጠዋት ማንበብ ቻለ። መምህርት የትምወርቅ አልተደነቁም። የተቀጠሩት ለዚሁ ነበር።

ሰሌዳው የኤሌክትሪክ ወረቀት ነው። ከመስታወቱ ሥር ከጤፍ ያነሱ እንክብሎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ ነጭ፣ ጥቁርና ቀይ ብናኞች በዘይት ይዋኛሉ። ኤሌክትሪኩ ወደ ላይ የሳበው ይታያል፣ ወደ ታች የገፋው ይደበቃል። አንዴ ቦታቸውን ከያዙ መብራት ቢጠፋም ንቅንቅ አይሉም። ጥቁሩ በኃይል ሲስቡት እየሮጠ ይወጣል። ቀዩ ግን ቀስ ብለው ሲያባብሉት ነው የሚመጣው፤ ለዚህ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ትዕግሥት አልነበረውም።

ቀዩ እየሰነፈ ሮዝ ሆኖ ሲያስቸግር ኃላፊው አቶ ሽብሩ ብናኙ ጎድሎ እንደሆነ እንዲጣራ «ቀለም ቆጣሪ ይቀጠር» ብለው ጻፉ። ጸሐፊዋ «ቀለም አስቆጣሪ» ብላ ለጠፈችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል አስቆጥረው ጡረታ የወጡት መምህርት የትምወርቅ አመለከቱ። ሌላ አመልካች አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መስታወቱን በስንጥር እየነኩ «ሀ» አሉ፤ ቀዩም «ሀ» ሆኖ ወጣ። አልቆነጠጡትም፣ አልተቆጡትም። «ሰነፍ ተማሪ የለም፣ የቸኮለ አስተማሪ ነው ያለው» ይሉ ነበር።

ማክሰኞ አቶ ሽብሩ የሚፈርሱ ቤቶችን ዝርዝር ይዘው መጡ። አርባ ሦስት ቤት ነው፣ ሁሉም በቀይ የሚጻፍ። መምህርት በአቶ ሽብሩ ትከሻ በኩል አዩት። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቁጥር አለበት፤ ሦስት ልጅ ያሳደጉበት፣ ባላቸውን ለቀብር የሸኙበት ቤት።

አርዕስቱ በጥቁር ወጣ። ቀዩ አልወጣም።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አቶ ሽብሩ።

«አንብቦት ነው» አሉ መምህርት።

«እና?»

«ገባው።»

«እርስዎ ይዘዙት እንጂ።»

«እኔ ማንበብ ነው ያስተማርኩት። መታዘዝ የእናንተ ክፍል ነው።»

አቶ ሽብሩ ኃይሉን ጨመሩ። እንደ ልማዱ ጥቁሩ ቀድሞ ወጣና ሰሌዳው ከል ለበሰ። ገለበጡት፤ ነጭ ሆነ። ተናደው ገመዱን ነቀሉት። ያን ጊዜ፣ የሚስበው ሳይኖር፣ ቀዩ ቀስ ብሎ ወጣና ሦስት ፊደል ጻፈ፦ «እምቢ»። የእጅ ጽሑፉ የመምህርት ነበር።

«አጥፉት» አሉ አቶ ሽብሩ።

«መብራት የለውም እኮ ጌታዬ» አለች ጸሐፊዋ። «በምን እናጥፋው?»

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞች ቀይ ቀለም በባልዲ ይዘው በአርባ ሦስቱም በር ላይ የኤክስ ምልክት ቀቡ። መምህርት የትምወርቅ ሳይከለክሉ ቆመው አዩ። ቀለሙ እስኪደርቅ ጠብቀው ስንጥራቸውን አነሱና በራሳቸው በር ካለው ምልክት ጫፍ ጀመሩ።

«ሀ» አሉት።

ረቡዕ ጠዋት በራቸውን ሲከፍቱ ቆርቆሮው ላይ ምንም አልነበረም። ቀዩ ከየበሩ ወርዶ በመንገዱ መሐል ከዳር እስከ ዳር ተሰልፏል። በወዲያኛው ጫፍ ዶዘሩ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ቢጫ ቀለሙ ከብረቱ ላይ እየወረደ፣ አንድ በአንድ፣ ከሰልፉ ኋላ ቦታ ይይዛል።