ያልታጠበ ሎህ

እህቴ ዐዋጢፍ ልጇን እየጎተተች ስትመጣ ገና ከሩቅ ሳያት ደሜ ፈላ። መንጌ ውስጥ ለምክር ወደ እኔ የሚመጣ ሰው የለም። ስሜ ብኸይታ መሆኑን እንኳ ረስተው «ቂብላ የሳተው» ነው የሚሉኝ። የሶላት አቅጣጫ ቀርቶ ሰሜንና ደቡብ አይለይም ተብዬ ከመምህሩ ከፈቂ ዐወድ የቁርኣን ትምህርት ቤት፣ ከኸልዋው፣ ከተባረርኩ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለሶላት ከፊት ያቆመኝ የለም።

«ሙርሳልን እርዳው» አለች። «የሶላት ሰዓት የሚለካበት የጥላው ትምህርት አልገባ ብሎታል። እስከ ዓርብ ካላስተካከለ ውጣ ተብሏል። ከኸልዋ ከወጣ በግብር ለሚከፈለው ወርቅ ቁፋሮ ይወስዱብኛል። ታላቅ ወንድሙን ጉድጓድ ተንዶበት ቀብሬዋለሁ፤ ይኼኛውን አልቀብርም።»

«ከእኔ ሌላ ሰው አጣሽ?»

«ሌሎቹ እምቢ አሉ» አለች። ለመዋሸት እንኳ አልደከመችም።

ሙርሳል አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ጀርባው በአለንጋ ተሰንትሯል፣ ዓይኑ ግን ሰው ይገርፋል። «ከአንቱ ምን እማራለሁ? አንቱም ተባርረዋል» አለኝ።

«መባረርን» አልኩት፤ የመጻፊያ እንጨቱን፣ ሎሁንም፣ ከእጁ ነጠቅኩት።

ተማሪ በሎህ ላይ የጻፈውን፣ ትምህርቱን አልፎ ፈቂው «እጠብ» ካላለው በቀር አያጥበውም። የሙርሳል እንጨት «የግንቦት ቀትር ጥላ አንድ ጫማና ትንሽ፣ ወደ ደቡብ» ይላል። ከምስር፣ ከግብጽ አገር፣ የመጣው የፈቂው ኪታብ «ወደ ሰሜን» ነው የሚለው።

ቤት ገብቼ ከጣራው ሥር የራሴን ሎህ አወጣሁ። «እጠብ» ሳልባል ስለወጣሁ እንደ ጻፍኩት አለ። ጥቀርሻውን ጠረግኩለት። ቃል በቃል ያው ነው።

ልጁ ሁለቱን አስተያየና ሳቀብኝ። «ድንቁርናው የዘር ነው ማለት ነው።»

በጥፊ ላጮለው ምንም አልቀረኝም። «ዝም በልና ዘንግ ትከል!» አልኩት። ሰሜን እንዳይጠፋን ጎህ ሳይቀድ በሰሜን ኮከብ አቅጣጫ ጠጠር ደረደርን። ወሩ ግንቦት ነበርና ቀትር ላይ ጥላው ወደ ደቡብ ወደቀ። በማግስቱም ያው፣ በሦስተኛውም ቀን ያው።

«የምስር ፀሐይ ሌላ ናት እንዴ?» አለ ሙርሳል።

«ፀሐይዋ አንድ ናት፤ አገሩ ነው ሌላ። ምስር ሩቅ ሰሜን ነው፤ ቀትር ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡባቸው ታልፋለች። እኛን ግን በግንቦት አናታችንን ተሻግራ በሰሜናችን ነው የምታልፈው፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ…» ብዬ መጨረስ አቃተኝ። አልሳትኩም ነበር! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ንጋት ጎልማሳነቴን በልቶ ነው የነጋው።

ዓርብ ቀትር ላይ ዘንጉን መስጊዱ ደጅ ተከልን። ሁለቱን ሎሆች ይዘን ፈቂ ዐወድን ጠራነው።

«ይውጡና ጥላውን ይዩ!» አልኩት።

ሽማግሌው ወጣ፤ ጥላውን ግን አላየም። «አይቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንተን ያባረርኩህ ዕለት ወጥቼ አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ኪታቡ የመምህሬ የእጅ ጽሑፍ ነው። ተማሪ ይተካል፤ ኪታብ አይተካም።»

እጄ ተነሣ። ሽበቱን አይቼ መለስኳት እንጂ ይቅር ብዬው አይደለም፤ ወላሂ ዛሬም አላልኩትም።

ሰው ለሶላት ይጎርፍ ጀመር። ፈቂው ሰዉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። «አልፋችኋል! ሁለታችሁም እጠቡ!» አለ ሁሉም እየሰማ። ይህችን ቃል ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። እግሬ ወደ ውሃው ማሰሮ ሲሄድ ታወቀኝ።

ሙርሳል ግን ክንዴን ያዘኝ። «አናጥብም፤ ሰው ያንብበው» አለ። ሎሁን ከእጄ ወስዶ ከራሱ ሎህ ጎን፣ ሰው ጫማ የሚያወልቅበት በር ላይ አቆመው።

መጀመሪያ የደረሰው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አነበበና፣ «ይሄ አሮጌው የማን ነው?» አለ።

«የብኸይታ» አለ ሙርሳል።