ከአማቷ ሳህን

ኑርሀያት ከአማቷ ቤት እህል ቀምሳ አታውቅም፤ ማለት፣ ከዚያ ቀን ወዲህ። ልጇ ሀኒያ ገና ጡት ላይ ሳለች ኑርሀያት ገበያ ውላ ስትመለስ፣ አማቷ እማ ዋሲላ ሕፃኗን «እንጥሏ ወርዷል» ብለው በምላጭ አስቆርጠዋት ቆዩ። ጉሮሮዋ አመረቀዘ። በአፍንጫዋ ቀጭን የምግብ ቱቦ ተከቶላት ነው ከሞት የተረፈችው። ኑርሀያት በጎረቤት ፊት ማለች፤ «ከሳህንዎ እጄን ብሰድ የልጄን ደም እንደጠጣሁ ይቆጠር!» አለች። ይኸው ሀኒያ ሦስት ዓመቷን አለፈች። ቱቦውም መሐላውም አልወጡም።

ዛሬ ጧት ግን ነርሷ ሰርካለም ቱቦውን ነቅላ መልሳ አላስገባችውም።

«ጉሮሮዋ ድኗል፣ ሐኪሙም አይቶታል። የቀረው ፍርሃቷ ነው» አለች። «እስከ ነገ በአፏ ካልሞከረች ግን ደሴ ወስደው ሆዷን በስተው ቱቦ ማስገባታቸው ነው። ለመሆኑ እናቴ፣ ሰው ሲበላ አይታ ታውቃለች?»

እንዴት ታይ? ምሳ ሲቀርብ እንዳያምራት ብለው ወደ ግድግዳ ያዞሯታል፤ ነጠላ ያለብሷታል። ሀኒያ የምታውቀው እህል ከስሪንጅ ወርዶ ሆዷን የሚያሞቅ ነገር ብቻ ነው።

«ያዘንንላት መስሎን እኮ ነው» አለች ኑርሀያት።

«አያስገድዷት። እህሉን ትንካው፣ ታቡካው። ሰው ታጉርስበት።»

ቤት ሲገቡ ከሐይቁ የተነሳው ጉም የአምባሰልን ተራራ እንደሸፈነ ነበር። እናቷ አጥሚት በስኒ አቀረበችላት። ሀኒያ ጥርሷን ነከሰች። ኑርሀያት የተባለችውን ረስታ አገጯን ያዘች፤ ልጅቱ እስኪያስመልሳት ጮኸች፤ ከባዶ ሆዷ ቢጫ ውኃ ብቻ ወጣ። ሲበርድላት ተነስታ ባዶውን ስሪንጅ ከጓዳ ፈልጋ አመጣች። አፍንጫዋ ላይ ደገነችው።

«እማ፣ ራበኝ።»

ኑርሀያት ፊቷን አዞረች።

ከአጥሩ ማዶ እማ ዋሲላ ያስላሉ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚበሉት፤ ግማሹ ጭናቸው ላይ ይፈሳል። በዚህ መንደር አጉራሽ የሚያስፈልገው ሰው ቢፈለግ እሳቸው ናቸው። ይህን ማሰቧ ራሱ ኑርሀያትን አናደዳት። እየተናደደች ልጇን አዝላ ወጣች።

አሮጊቷ የእርጎ ፍትፍት ፊታቸው ነበር። ኮቴ ሲሰሙ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያ አላህ! ልጅቱ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነች። ታጉርስዎት ብዬ ነው።»

«እኔን?»

«ሌላ ዓይነ ስውር ከየት ላምጣላት!»

እማ ዋሲላ ሊስቁ ቃጣቸውና ተዉት። ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ተቀመጡባቸው። «እጄን እንዳትፈራው» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ሀኒያ ጥርስ የሌለውን አፍ አጎንብሳ አየች። አንድ ጣቷን እርጎው ውስጥ ነከረች፤ ደንግጣ አወጣችው። ደግማ ነከረች። ኋላ ፍትፍቱን ጨብጣ፣ ግማሹን አገጫቸው ላይ እያፈሰሰች አጎረሰቻቸው። ሲውጡ ጉሮሯቸው ወጣ፣ ወረደ። እጇን አንገታቸው ላይ አሳረፈች።

«የት ሄደ?»

«ሆዴ ገባ፣ የኔ ዓለም።»

«አያምም?»

የአሮጊቷ እንባ ከእርጎው ጋር ተቀላቀለ።

«እህሉ አያምም» አሉ።

ሀኒያ ዞር ብላ እናቷን አየች፤ እውነት ነው ወይ እንደማለት። ኑርሀያት በሩ ላይ እንደቆመች ነበር። በጎረቤት ፊት የማለችው መሐላ ትዝ አላት። ከጥግ ማሰሮውን አንስታ እጇን ታጠበች፤ መጥታ ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ከፍትፍቱ አፈሰችና ጎረሰች። እርጎው ኮምጥጧል። አላምጣ ዋጠችና ባዶ አፏን ከፍታ ለልጇ አሳየቻት።

ሀኒያ ጣቷ ላይ የቀረውን እርጎ ተመለከተች። ጣቷ ወደ ከንፈሯ ቀረበ፤ ሊነካው ሲል ቆመ።

ከሁለቱ ሴቶች አንዳቸውም አልተነቃነቁም።