ውሃውን ማን ጨመረ

የጠጅ ቤት ልጅ ነኝ። እናቴ ቡራዩ ላይ ጠጅ ስትሸጥ፣ የቀጠነ ጠጅ ከቀመስኩ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር፦ ውሃውን ማን ጨመረ? መልሱም ሁልጊዜ የሰው ስም ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኔ ተመንጥሬ አላውቅም።

አሁን ሰበታ ላይ ትንሽ የወይን ጠጅ መጥመቂያ አለኝ። ደረቅ ቀዩን የምሠራው የሁለት ቦታ ወይን ቀላቅዬ ነው። የባቱውን ሙቀት አብስሎታል፤ ጥቁርና ከባድ ነው፣ ለብቻው ግን አፍ ላይ ይተኛል። የሚቀሰቅሰው የሱሉልታው ነው፤ ብርዱ ኮምጣጣነቱን ይጠብቅለታል። ይህን የሚያመርቱልኝ ኦቦ ጉታ ናቸው። የገብስ መሬታቸው ላይ ለምኜ ወይን ያስተከልኳቸው እኔ ነኝ። ፍሬው መንገድ ላይ እንዳይበላሽ እዚያው ጨፍልቀው፣ ከነልጣጩ በበርሜል ይልኩልኛል።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ የላኩት ቀጠነብኝ። ባለሙያዬ ያኔት ገና ሳይፈላ ስኳሩን ለካችና ከአምናው በጣም ወርዷል አለች። ኦቦ ጉታን ብጠይቃቸው፣ ሊለቀም ሲል አሥር ቀን ዘነበበት፣ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ አበጠ አሉኝ። ጠጅ ቤት ውስጥ ስንት ምክንያት ሰምቻለሁ፤ ሰማይን የከሰሰ ግን አልገጠመኝም። ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ ጀሪካን ተደርድሮ አይቻለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሱሉልታ ጀሪካን የሌለው ማን አለ? ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም። ሽማግሌ ሰብስቤ ይማሉልኝ አልኩ።

ስድሳ ስምንት ዓመት ሲኖሩ ማንም አስምሏቸው አያውቅም። የቤተ ክርስቲያኑን በር ይዘው ማሉ። እኔ ግን መሐላም ይቀጥናል ብዬ በርሜሎቹን መለስኩ። እሳቸውም የቀረውን ሳይለቅሙ ተዉት።

በሳምንቱ እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው ብዬ፣ ሳልናገር ከያኔት ጋር በጠዋት ማሳቸው ገባሁ። ማንም ያልነካውን ዘለላ በገዛ እጄ ቆረጥኩ፣ በገዛ እጄ ጨመቅኩ። ያኔት ለካች። ስኳሩ ልክ የበርሜሉን ያህል ነበር። ደግማ ብትለካም ያው ሆነ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ኦቦ ጉታ በማሳው ሌላ ጫፍ ዶማ ይዘው ጎንበስ ብለዋል። የወይኑን ሥር እየነቀሉ መሆኑን ያየሁት ስጠጋ ነው፤ ከስምንቱ ረድፍ የቀረው ሦስት ነበር። እንደ ወትሮው "አካም ቡልቴ" ብለው እንዴት እንዳደርኩ ጠየቁኝ። እግራቸው ላይ ስወድቅ በሁለት እጃቸው አነሱኝ። የለካነውን ነገርኳቸው፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የቀረውን ይተዉልኝ፣ ያለ እርስዎ ወይን የኔ ወይን አይሆንም ብዬ ለመንኩ።

ላባቸውን ጠረጉ። "እኔስ ይቅር ብዬሻለሁ፣ ልጄ" አሉ። "ግን ለከርሞም ሊዘንብ ይችላል እኮ።"

 ዶማቸውን አንስተው ወደ ቀሩት ረድፎች ተመለሱ።